ጉሮሮው የታፈነ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ እብድ ውሻ በሽታ የሚወጡ ማሳሰቢያዎችን ከልብ እደግፋለሁ። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ አለበት። ሆኖም በዚሁ ፍርሃት የተነሳ ወደ ውስጥ ስላስነጠሱ ብቻ እብድ የተባሉ ጤነኛ ትንንሽ ውሾች በዱላና በመርዝ እየሞቱ ነው። ስለ እነርሱም አንድ ጊዜ እንድትጽፉ እለምናችኋለሁ።

ደብረ ማርቆስ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ልጄ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝ ቡቺ የሚባል ነጭ ጠጉራም ውሻ አለኝ፤ ቁመቱ ከረከቦቱ ብዙም አይበልጥም። እጣን ሳጨስ፣ ጎረቤት የቡሬ በርበሬ ስታምስ ወይም የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ከምጣድ ቤት ሲመጣ በድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል። የፊት እግሮቹን ከፈት አድርጎ፣ አንገቱን ዘርግቶ፣ አየር በአፍንጫው እየደጋገመ ወደ ውስጥ ይምጋል። ድምፁ ያስደነግጣል፤ ዓይኑም ይፈጣል። ከዚያ ምራቁን ይውጥና አፍንጫውን ልሶ መሬት ላይ የወደቀውን ፈንድሻ መልቀም ይጀምራል።

ይህን ያዩ የሠፈራችን ወጣቶች «እትዬ፣ ውሻዎ አብዷል፤ ሳይለክፍዎ እናስወግደው» ብለው ዱላ ይዘው ደጄ ቆሙ። ለእኔ አስበው ነውና አልተቀየምኳቸውም። ከእኛ ዝቅ ብሎ ባለው መንደር ያለ አንድ ውሻ ግን እንዲሁ ሲያደርግ ታይቶ መርዝ ተሰጠው። ክትባቱን የወሰደ፣ ሰው ነክሶ የማያውቅ ውሻ ነበር፤ ባለቤቱ ደግሞ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ይህ በጣም አሳዝኖኛል።

የእንስሳት ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ይህ ወደ ውስጥ ማስነጠስ ይባላል። ጭስ፣ አቧራ፣ ሽቶ፣ ደስታ፣ ተስገብግቦ መብላት ወይም አንገት ላይ የታሰረ ገመድ ጉሮሮንና ለስላሳውን የላንቃ ክፍል ሲያስቆጣ ጡንቻው ይኮማተራል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ቆይቶ በራሱ ያልፋል። ትንንሽና ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ውሾች ላይ ይበዛል። ውሻው ከዚህ በፊትም ሆነ በኋላ እንደ ወትሮው ነው፦ ጌታውን ያውቃል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። እብድ ውሻ ግን ጠባዩ ይለወጣል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ያለ ምክንያት ይነክሳል ወይም ሰውነቱ እየሰለለ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ማንም በእጁ አይንካ፤ ለሚመለከተው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገር።

ወደ ውስጥ የሚያስነጥስ የራሳችሁን የተከተበ ውሻ ግን መርዳት ይቻላል። አትጩኹበት፣ አትደንግጡ፤ ጭንቀታችሁ ወደ እርሱ ይተላለፋል። ጉሮሮውን ከላይ ወደ ታች ቀስ ብላችሁ ዳብሱት። እኔ አንዳንዴ የአፍንጫውን ቀዳዳዎች ለአፍታ በጣቴ እሸፍናለሁ፤ ያኔ ምራቁን ይውጣልና ይለቀዋል። በአንገቱ ገመድ ፋንታ ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ከገዛሁለት ወዲህ ሽርሽር ላይ የሚነሳበት ቀርቷል። በርበሬ በሚታመስበት ቀንም ወደ ኋላ ጓሮ አወጣዋለሁ። የጤፍ ውቂያ አቧራ በሚበዛበት ወቅት ገጠር ያላችሁም ውሻችሁን ከአውድማው አርቁት።

እየበዛ ከመጣ፣ ከአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ደም ወይም መግል ከወጣ፣ ድዱ ከጠቆረ ወይም ውሻው ከወደቀ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። በአፍንጫው የገባ ሹል የሣር ፍሬ ወይም የአፍንጫ ተባይ ሊሆን ይችላል። ሲነሳበት በስልክ ቀርጻችሁ ያዙ፤ ክሊኒክ ስትደርሱ ውሻው ጤነኛ ሆኖ ይቆምና ሐኪሙ ምንም አያይም፤ የእኔን ያወቀልኝ ቪዲዮውን አይቶ ነው።

በመጨረሻም የቀበሌና የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችን እለምናለሁ። ውሾች ለክትባት ሲሰበሰቡ ሕዝቡም አብሮ ይሰበሰባልና በዚያው አጋጣሚ የሁለቱን ልዩነት ንገሩልን። ወጣቶቹ ዱላ ከማንሳታቸው በፊት ወደ እናንተ እንዲመጡም ስልክ ቁጥራችሁን በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ