እማዬ፣ «ምን አገባሽ» ላልሽኝ

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ፣ ግንቦት 15 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ሳሉ ለቀቅ አደረገሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ ቀስ እያለች ታንብብልሽ። ባለፈው እሁድ ስልኩ ተቋረጠና ነገሩ መሃል ላይ ቀረ። በስልክ ስትቆጪኝ ደግሞ መልስ ይጠፋኛል። ለዚህ ነው መጻፍ የመረጥኩት።

ፎቶውን ያሳየሽን ሰው አልቀየምም። አዎ፣ እኔ ነኝ። ሰልፉ ላይ ከቻይናዎቹ መሃል ካርቶን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። «አንቺ ምን አገባሽ? በሰው አገር፣ በሰው ጉዳይ» አልሽኝ። ቃልሽ ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋም። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ከእኔ ቤት በታች አንዲት የቻይና አሮጊት ይኖራሉ። ሰማንያ ሊደፍኑ ጥቂት ነው የቀራቸው። የልጅ ልጃቸው «ፖፖ» ትላቸዋለች፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። እኔም ፖፖ እላቸዋለሁ። እሳቸው እንግሊዝኛ አይችሉም፣ እኔ የእሳቸውን አልችልም። ግን አራት ዓመት ሙሉ ተግባብተን ኖረናል። ዳቦ ስደፋ ቁራሽ አወርድላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ለበዓላቸው ብርቱካን በፌስታል አድርገው በሬ ላይ ያንጠለጥሉልኛል። አንቺ ከጎረቤትሽ ጋር በአጥር ላይ ሳህን እንደምትቀባበይው ነው።

የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ የእነሱ ዘመን መለወጫ ሰሞን፣ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አየሁ። ምን ሆኑ ስላቸው ደረጃውን በጣታቸው አሳዩኝ። ወደቅኩ ማለታቸው ነው። እውነቱን የሰማሁት ከልጅ ልጃቸው ነው። ከገበያ ሲመለሱ አንድ ጎረምሳ ከኋላ ገፍትሮ ጣላቸው። ቦርሳቸውን ይዞ ሮጠ። ፖሊስ ጋ አልሄዱም። ለልጃቸውም አልነገሩም። «ከሰማ ከቤት አትውጪ ይለኛል» ብለው ነው።

እማዬ፣ ይህን ስሰማ አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ። መገናኛ ታክሲ ስትጠብቂ ስልክሽን መንትፈውሽ፣ ጉልበትሽ ተልጦ፣ እኔ የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ከጎረቤት ነበር። «እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው» አልሽኝ። ሁለታችሁንም አንድ ሰው ያስተማራችሁ ይመስለኛል።

የቻይናዎቹ ሰፈር፣ ቻይናታውን የሚሉት፣ እኛ ዘንድ ትንሽ ነው። ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ጠዋት ጠዋት ማዲሰን ፓርክ ውስጥ አዛውንቶቹ ተሰልፈው ቀስ እያሉ ስፖርት ይሠራሉ። ከሌሊት ሥራ ስመለስ ቆሜ አያቸዋለሁ፤ ዓይኔ ያርፍበታል። በበዓላቸው ሰሞን ለልጆች የሚሰጡትን ብር በቀይ ፖስታ አድርገው ይይዛሉ። ሌባው ይህን ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ጥሬ ገንዘብ እንደሚይዙ፣ ቋንቋ ስለማይችሉ እንደማይከሱ ያውቃል። ስለዚህ የሚሆነው ሁሉ ጥላቻ ነው አልልሽም። ግማሹ ተራ ሌብነት ነው፤ አቅመ ደካማ መርጦ የሚመታ ሌብነት።

ጥላቻውም ግን አለ። ኮሮና ሲመጣ የአገሩ ፕሬዚዳንት የነበረው ሰውዬ ራሱ በአደባባይ «የቻይና ቫይረስ» ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው መንገድ ላይ ይተፋባቸው ጀመር። እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመ አንድ ማኅበር ከመጋቢት 10 ቀን 2012 እስከዚህ ዓመት የካቲት 21 ድረስ 3,795 አቤቱታ መዝግቧል። አብዛኛው ስድብና ዛቻ ነው። ልብ በይ፣ ይህ አፍ አውጥተው የተናገሩት ብቻ ነው። ፖፖ እዚያ ውስጥ የሉበትም።

ጥር 20 ቀን ከድልድዩ ማዶ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ አንድ የ84 ዓመት የታይላንድ አዛውንት እንደ ልማዳቸው ለጠዋት እግር ጉዞ ወጡ። አንድ ወጣት እየሮጠ መጥቶ ገፈተራቸው። ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ። ቪዲዮውን ዓለም ሁሉ አይቶታል፤ አንቺም ያየሽው እሱን ይመስለኛል። መጋቢት 7 ቀን ደግሞ አትላንታና አካባቢዋ አንድ ሰው በሦስት የማሳጅ ቤቶች ተኩስ ከፍቶ ስምንት ሰው ገደለ። ስድስቱ የእስያ ሴቶች ነበሩ። ከሟቾቹ መሃል እናቶች አሉ። ለልጆቻቸው ብለው የሰው አገር ሥራ የሚሠሩ፣ እንደ እኛ ያሉ ሴቶች።

አሁን ደግሞ የሚያመኝን ልንገርሽ። በዚያው ሰሞን አንድ ማለዳ ከሥራ ስመለስ ኮፍያ ያለው ሹራብ ለብሻለሁ፣ ማስክ አድርጌያለሁ። ፖፖ በሩን ሊከፍቱ ሲታገሉ ላግዛቸው ብዬ ከኋላ ቀረብኩ። ዞር ሲሉ አዩኝና ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቀፉ። ማስኬን አወረድኩ። ሲያውቁኝ እጄን ያዙና ማልቀስ ጀመሩ። እኔም አለቀስኩ። በየስልኩ ከሚዞሩት ቪዲዮዎች በአንዳንዶቹ ላይ ሽማግሌዎቹን ሲመቱ የሚታዩት ልጆች ጥቁሮች ናቸው። ፍርሃታቸው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኔም ሰው የሚፈራው መልክ እንዳለኝ ያን ቀን ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። እሳቸው እንዳይፈሩኝ፣ እኔም እንዳልሸሻቸው፣ አብሬያቸው ወጣሁ።

ሰልፉ ላይ የሆነው አንቺ እንደምታስቢው አይደለም። ድንጋይ የለ፣ ጭስ የለ። ሽማግሌዎች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፊሽካ ይታደላል። ጭቅጭቁ ግን ነበር፣ ያውም እርስ በርስ። ባለሱቆቹ ፖሊስ ይጨመርልን ይላሉ። ወጣቶቹ፣ የራሳቸው ልጆች፣ ፖሊስ አይጨመር ይላሉ። ጆርጅ ፍሎይድ ፖሊስ አንገቱን በጉልበት ተጭኖት ከሞተ ከነገ ወዲያ ዓመቱ ነው። ልጆቹ ያንን አይረሱም። ባለሱቆቹም በዚያ የተቃውሞ ሰሞን ሌሊት ሌሊት የተሰበረባቸውን መስታወት አይረሱም። የአንዳንዱ ሱቅ ኮምፔንሳቶ እስካሁን አልተነሳም፤ ሠዓሊዎች ቆንጆ ሥዕል ሥለውበታል። «ሰልፍ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሱቃቸውን የሚዘጉ አሉ። አንድ አባት በልጁ ፊት ማይክሮፎኑን ተቀብሎ በቻይንኛ ሲናገር ልጁ እያስተረጎመች ድምጿ ተቆረጠ። በሐሳብ አትስማማውም፤ ግን ቃሉን ሳትቀንስ አስተረጎመችው።

እኔ የማንን ልያዝ? ፖሊስ ከኋላዬ ሲመጣ መሪውን ጭምቅ አድርጌ ነው የምይዘው። ፖፖ ደግሞ ፊሽካቸውን ሲነፉ የሚደርስላቸው ሰው ይፈልጋሉ። የቻይናታውን ንግድ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ካርል ቻን ራሱ ሚያዝያ 21 ቀን፣ የተመታ ሰው ሊጠይቅ በእግሩ ሲሄድ፣ መንገድ ላይ ተመታ። በእኔ ዓይን እስካሁን ከሁሉ የረዳው ነገር ሰው አብሮ መሄዱ ነው። የማያውቋቸው ወጣቶች፣ ጥቁሩም ነጩም ሜክሲኮውም፣ ገበያ የሚወጡትን አዛውንቶች በፈቃዳቸው ያጅባሉ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ፖፖን አጅባለሁ። ባለጎማ የገበያ ቦርሳቸውን እኔ እጎትታለሁ። እሳቸው ዓሣውን ከነነፍሱ ከገንዳው ያስመርጣሉ፤ ይህ አይሆንም፣ ያኛው ይውጣ እያሉ ባለሱቁን ያደክሙታል። ልክ እንደ አንቺ፣ ሾላ ላይ ዶሮ ስትመርጪ።

«ምን አገባሽ» ላልሽው ግን ሌላም መልስ አለኝ። ሰኔ 1974 ዲትሮይት አካባቢ ቪንሰንት ቺን የሚባል የ27 ዓመት ልጅ በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ሞተ። ሊያገባ ቀናት ነበር የቀሩት። ያኔ የመኪና ፋብሪካዎች ሠራተኛ ያባርሩ ነበርና ንዴቱ ሁሉ በጃፓን ላይ ነበር። እሱ ደግሞ ጃፓናዊ እንኳ አልነበረም፣ ቻይናዊ ነው። ዳኛው በገዳዮቹ ላይ እስር አልፈረደባቸውም፤ 3,000 ዶላር ቅጣትና የሦስት ዓመት አመክሮ ብቻ። ለእናቱ ለሊሊ ቺን አንድ ልጇ ነበር። እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ነበር። ያም ሆኖ ከከተማ ከተማ እየዞረች ፍትሕ ለልጄ አለች። ዝም ይል የነበረው የእስያ ሰው ሁሉ ከኋላዋ ተነሳ። ገዳዮቹ በመጨረሻ እስር ቤት አልገቡም። ሰልፍ መውጣት ግን ከዚያች እናት ወዲህ ለነዚህ ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም።

የአገራችንን ልጅ ሙሉጌታ ስራውን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። ኅዳር 1981 ፖርትላንድ ላይ፣ 28 ዓመቱ፣ ፀጉራቸውን የተላጩ ዘረኞች እሱንም በቤዝቦል ዱላ ነው የገደሉት። ዱላው እንኳ አንድ ዓይነት ነው፣ እማዬ። ለቤተሰቡ ተከራክረው ዘረኞቹን የቀሰቀሱት ሰዎች 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ያስፈረዱት ጠበቆች ሐበሾች አልነበሩም። ምን አገባን ቢሉ ኖሮ? «ጓደኛህ ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ» እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።

ፍርሃትሽን አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ፣ በ1969፣ በሜይዴይ ዋዜማ ወጥቶ ያልተመለሰውን ወንድምሽን አውቃለሁ። ፎቶው ከሳሎኑ ሰዓት ሥር እንዳለ አይረሳኝም። አያቴ ሬሳውን ሳታገኝ እንደሞተች ብዙ ጊዜ ነግረሽኛል። ሰልፍ ስልሽ የሚታይሽ እሱ ነው። ስለዚህ ምን ቸገረሽ ብዬ አልመልስልሽም። በቀን ነው የወጣሁት፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ነው፣ በሰዓቱ ቤቴ ገብቻለሁ። ድጋሚም ከወጣሁ ቀድሜ እነግርሻለሁ። አልደብቅሽም። አንቺም አትደብቂኝ። ስልክ ቢነጥቁሽ፣ ብትወድቂ፣ የዚያኑ ቀን ንገሪኝ። እዚህ ሆኜ ምንም ላላደርግ እችላለሁ፤ ግን ልወቀው።

ባለፈው ሐሙስ ፕሬዚዳንት ባይደን ለዚህ ጉዳይ የወጣውን ሕግ ፈረሙ። የጥላቻ ወንጀል አቤቱታ በየቋንቋው እንዲቀርብ ይረዳል ይላሉ። የልጅ ልጃቸው ለፖፖ ስትተረጉምላቸው ሰምተው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ በየካቲት የሆነውን ለልጃቸው ነገሩት። ሦስት ወር ሙሉ ይዘውት ነበር። ተቆጣ አሉ፣ ከዚያ አለቀሰ። ከቤት አትውጪ ግን አላላቸውም።

ስለ አንቺም ነግሬያቸዋለሁ። ፎቶሽን በስልኬ አሳየኋቸው። ሳል እንደያዘሽ በእጄ ደረቴን መታ መታ አድርጌ ሳልኩላቸው። ወዲያው ጓዳ ገብተው የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ በማሰሮ አወጡ። ብዙ ዓመት የቆየ ነው፤ ጠቁሯል፣ ሽታው ግን ቤቱን ሞላው። በትንሽ ከረጢት ቋጠሩልኝ። በሐምሌ ከሚመጣ ሰው ጋር እልክልሻለሁ። ሁለት ሦስት ፍቅፋቂ ከማር ጋር አፍልተሽ ማታ ማታ ጠጪው።

የምትወድሽ ልጅሽ