ዊንዶውስ ካሳደጋችሁ በኋላ ለጠፋባችሁ ሃርድ ዲስክ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ወደ ዊንዶውስ 11 አልፋችኋል። ደግ አደረጋችሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ስልካችን ላይ አንድ ድንጋጤ ይደጋገማል፦ «ዲ የለም! ሲ ብቻ ነው የሚታየኝ።» ሲ እና ዲ ዊንዶውስ ለየዲስኩ ወይም ለዲስኩ ክፍልፋዮች የሚሰጣቸው ፊደሎች ናቸው። ዲ ላይ ደግሞ የሠርግ ቪዲዮው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የድርጅቱ ሒሳብ አለ።

እባካችሁ ቀልባችሁን ሰብስቡ። ዲስኩ አልታየም ማለት ፋይሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር ባለበት አለ። እኛን የሚያሳዝነን ፋይሉ ደህና ሆኖ ሳለ በድንጋጤ የሚደረገው ነገር ነው።

ዊንዶውስ «ይህን ዲስክ ፎርማት አድርጉ» ወይም «ኢኒሻላይዝ አድርጉ» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ለሁለቱም መልሳችሁ ካንስል ይሁን። ኢኒሻላይዝ ስትሉ ክፍልፋዮቹ ከየት ጀምረው የት እንደሚያልቁ የሚናገረው ሰንጠረዥ በአዲስ ባዶ ይተካል። ፎርማት ከዚህም ይብሳል። በተለይ ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ከሆነ፣ ፎርማት ሲደረግ ትሪም የሚባለው ትእዛዝ የድሮውን መረጃ ያስጠርጋል። ያኔ ብዙ ጊዜ እኛም ምንም ማድረግ አንችልም።

ከዚያ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዛችሁ ኤክስን ተጫኑ፤ ከዝርዝሩ ዲስክ ማኔጅመንትን ምረጡ። ከታች በኩል ዲስክ 0፣ ዲስክ 1 እየተባለ ተደርድሮ ታያላችሁ። የጠፋባችሁን መጠኑን አይታችሁ ለዩት። ላዩ ላይ ሰማያዊ መስመር ካለው፣ ጎኑ ላይ ግን ፊደል ከሌለው፣ ችግሩ ያው ፊደሉ ነው። በቀኝ ክሊክ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር» የሚለውን፣ ቀጥሎ «አድ» የሚለውን ተጫኑና የድሮውን ፊደል መልሱለት። ዲ ከነበረ ዲ ይሁን። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ልጆች ይህን ልብ በሉ፤ ፊደሉ ከተቀየረ የጀመራችሁት ፕሮጀክት ክሊፖቹን አጣሁ ይላል። ዲ በሌላ ነገር ተይዞ ከሆነ ደግሞ የተሰካ ፍላሽ ካለ መጀመሪያ ንቀሉ። ፊደል የሌላቸውን ትንንሽ ክፍልፋዮች ግን አትንኩ። የሲስተሙ ናቸው፤ ድሮም ፊደል የላቸውም።

ዲስኩ «ኦፍላይን» የሚል ከሆነ በስተግራ ስሙ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ኦንላይን» በሉት። መስመሩ ጥቁር ከሆነና «አንአሎኬትድ» (ያልተመደበ ቦታ) ካለ፣ ወይም ሰማያዊ ሆኖ «ሮው» (ዊንዶውስ ሊያነበው ያልቻለ) ካለ፣ እዚያው አቁሙና አምጡልን። ከኢንተርኔት ፋይል መመለሻ ፕሮግራም አውርዳችሁ እዚያው ዲስክ ላይ አትጫኑ፤ የምትፈልጉት ፋይል ላይ ሊጻፍበት ይችላል።

የዲስኮቹ ዝርዝር ውስጥ ምስሉ ላይ የቁልፍ ምልክት ያለበት ዲስክ ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የቆለፈው ነው። የሚከፈተው በይለፍ ቃሉ ወይም 48 አሃዝ ባለው የመመለሻ ቁልፍ ነው። ቁልፉን ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ፈልጉ። ሁለቱም ከሌሉ እኛ ልንሰብረው አንችልም። እሰብረዋለሁ ለሚላችሁም ገንዘባችሁን አትስጡ።

ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ እዩ። እዚያም ከሌለ ብዙ ጊዜ የላላ ኬብል ወይም የዲስኩ የራሱ ብልሽት ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ከመብራት ነቅላችሁ ኬብሎቹን ጠበቅ አድርጋችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ግን ወዲያው አጥፉት። ደጋግሞ ማስነሳት ጉዳቱን ያብሳል።

ገና ያላሳደጋችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ የግድ የሚያስፈልጋችሁን ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ) ዲስክ ላይ ገልብጡ። የዲስክ ማኔጅመንቱን ገጽም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የትኛው ፊደል የየትኛው ዲስክ እንደነበር ያሳየናል። ወደ እኛ ስትመጡ ኮምፒውተሩን ከነቻርጀሩ ያዙ፣ የጫናችሁትንም ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩን። ለማየት ብቻ አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍላችን