ከመተግበሪያው በፊት ገመዱን ንገሩን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት በቴክኖሎጂ ገጻችሁ በታብሌት ሙዚቃ ለመሥራት ይጠቅማሉ ያላችኋቸውን መተግበሪያዎች አነበብኩ። ደኅና ጽሑፍ ነው፤ ጸሐፊው ግን ክራር ታቅፎ ከታብሌት ፊት የተቀመጠ ሰው አልመሰለኝም። እኔ ደሴ የምኖር፣ በየሠርጉ ክራር የምጫወት ሰው ነኝ። እህቴ ከጅዳ አይፓድ ከላከችልኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ በፈረንጆቹ 2021 የወጣው ዘጠነኛው ትውልድ ነው።

ከዘረዘራችኋቸው አብዛኞቹ ይከፈልባቸዋል። ዋጋው ባይከብድ እንኳ መክፈያው ከየት ይምጣ? በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለን ሰዎች በነጻ የሚገኘው ጋራጅባንድ የተባለው የአፕል ሙዚቃ መቅረጫ መተግበሪያ ይበቃል። ሲከፈት ምቱ 4/4 ነው፤ ለችክችካ ወደ 6/8 ይቀየራል። ለቀረጻ የሚሰጠው ቦታ ደግሞ 8 ባር (ስምንት የምት ዙር) ብቻ ስለሆነ፣ ርዝመቱን «አውቶማቲክ» ካላደረጉት ትዝታው ሳይሞቅ ቦታው ያልቃል። ይህን እስክደርስበት ሦስት ቀን ሙሉ ከመሣሪያው ጋር ስጣላ ከረምኩ።

ስለ ቅኝት አንድ ቃል አለማንሳታችሁ ነው ያስከፋኝ። በስክሪኑ ላይ ያለውን ፒያኖ «ሜጀር ፔንታቶኒክ» በሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ስልት ላይ ካደረጉት ትዝታ ሜጀርን ይሰጣል፤ ጣት ቢስት እንኳ ከቅኝቱ አይወጣም። አንቺሆዬ ግን ከምርጫው ውስጥ የለም። አምስቱን ድምፆች አንድ በአንድ ለቅሞ መጫወት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ፒያኖው ኦክታቩን፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ድምፅ ያለውን ርቀት፣ አሥራ ሁለት ቦታ እኩል ቆርጦ አስቀምጦታል። እኔ ደግሞ አውታሩን በቀንበሩ ላይ እያዞርኩ የምቃኘው ጆሮዬ እሺ እስኪለኝ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳጫውታቸው ሁልጊዜ አንዷ ድምፅ ትጣላለች። ስለዚህ አሁን ፒያኖውን ትቼ ክራሩን ራሱን እቀርጻለሁ።

ለዚህ ገንዘቡ መውጣት ያለበት ለድምፅ መግቢያው ነው። ማይክሮፎን የሚሰካበትን ኢንተርፌስ የሚሉትን ሳጥን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ሳጥኑን ከአይፓዱ ጋር የሚያያይዘውን ማገናኛ ግን ባለሱቁ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለውን ሰጠኝ፤ ስሰካው አይፓዱ «ዕቃው ብዙ ኃይል ይፈልጋል» ብሎ አልቀበልም አለ። ለካ ከዩኤስቢው ጎን የቻርጀር መሰኪያ ያለው ሌላ ዓይነት አለ! ያንን ገዝቼ ፓወር ባንክ ሰካሁበት፤ መብራት ቢጠፋም እቀርጻለሁ። እንዲያውም የጎረቤት ፍሪጅ ዝም ስለሚል ምርጡ ቀረጻዬ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

የብሉቱዝ ማዳመጫ መምከራችሁን ግን አልስማማበትም። ለመስማት ጥሩ ነው፤ ሲቀርጹ ግን ጣቴ አውታሩን ነክቶ ካለፈ በኋላ ነው ድምፁ ጆሮዬ የሚደርሰው። እጄ ድምፁን ሲጠብቅ ምቱ ይጎተታል። ባለገመዱ ይሻላል። የእኔው አይፓድ የማዳመጫ ቀዳዳ አለው፤ በ2022 የወጣው አሥረኛው ትውልድ ግን የለውም፤ የሚገዛ ሰው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው።

በሚቀጥለው እትም ማሲንቆ የሚቀርጽ ሰው ካገኛችሁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ማይክሮፎኑን የሚያቆመው ከቆዳው ፊት ለፊት ነው ወይስ ደጋኑ ከሚሄድበት አጠገብ? ከጓደኛዬ ጋር ሁለቱንም ሞክረን እስካሁን አልተስማማንም።

ክራር ተጫዋቹ፣ ከደሴ