ማታ ያስገባሽው ውሃ የት ሄደ?

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ?

እህቴ ቤት ውስጥ በሆድሽ በኩል የምታደርጊውን የኩላሊት እጥበት ደብተር ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ማታ 2 ሊትር የእጥበት ፈሳሽ በቱቦው ሆድሽ ውስጥ አስገብተሽ ጠዋት የወጣው 1.8 ሊትር ነው። «የቀረው የት ገባ?» እያልሽ መጨነቅሽንም ነገረችኝ። የማውቀውን ልጻፍልሽ፣ እሷ ታንብብልሽ።

በፈሳሹ ከረጢት ውስጥ ያለው ስኳር ሥራው ውሃ መሳብ ነው። ለቋንጣ ጨው የነሰነስሽበት ሥጋ ውሃውን ያወጣ የለ? እንደዚያ ነው። የሆድ ዕቃሽን የሸፈነው ስስ ሽፋን በጥቃቅን የደም ሥሮች የተሞላ ነው። ስኳር የበዛበት ውሃ ሆድሽ ሲገባ፣ ከደምሽ ትርፉን ውሃ ይስባል። ቆሻሻውም በዚያው ይሻገራል። ቢጫ ምልክት ያለው ከረጢት በሊትር 15 ግራም ስኳር አለው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው በሊትር 1 ግራም አካባቢ ነው። የመሳቡ ጉልበት የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

ግን ስኳሩም ባለበት አይቆይም። በዚያው ሽፋን አልፎ ደምሽ ውስጥ ይገባል። በ4 ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ያልፋል፤ ሽፋናቸው ቶሎ የሚያሳልፍ ሰዎች ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ስኳሩ ሲቀንስ መሳቡ ይደክማል፣ ውሃውም ቀስ በቀስ ወደ ሰውነትሽ ይመለሳል። አንቺ ሌሊቱን ሙሉ ነው የምታቆዪው። ስለዚህ የጎደለው ውሃ ወደ ሰውነትሽ ተመልሶ ሳይሆን አይቀርም። የእግርሽ ማበጥም ከዚሁ ሊሆን ይችላል። የሆድ ድርቀት ወይም የቱቦው መታጠፍም ውሃ ያስቀራልና፣ ሽንት ቤት በደንብ ካልሄድሽ ሳታፍሪ ተናገሪ።

«ሳልበላ ስኳሬ ጨመረ» ያልሽውም እውነትሽን ነው። በቀን አራት ባለ 2 ሊትር ቢጫ ከረጢት ማለት 120 ግራም ስኳር ነው፤ አብዛኛው ደምሽ ውስጥ ይቀራል። የምግብ ፍላጎትሽ የጠፋውም በከፊል በዚህ ይሆናል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እማዬ። የኢንሱሊኑን መጠን ግን ሐኪሙ ይወስን እንጂ በራስሽ እንዳትጨምሪ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንሽ። ውሃ ብዙ እንዲወጣልሽ ብለሽ ቀይ ምልክት ያለውን ከረጢት በራስሽ አትምረጪ። ባለ 2 ሊትሩ 85 ግራም ስኳር አለው። በርግጥ ይስባል፤ ግን ለዓመታት ሲደጋገም ሽፋኑን ይጎዳዋል፣ እኛ ደግሞ ያ ሽፋን ለረጅም ጊዜ ያስፈልገናል። ይልቅ ጨው ቀንሺ። ሽሮውም በርበሬውም ጨው አለበት። ጨው ሲቀንስ ጥሙም ይቀንሳል።

ለሌሊቱ ደግሞ አይኮዴክስትሪን የሚባል ፈሳሽ አለ። ከስታርች የሚሠራ ነው፤ ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ በሽፋኑ ቶሎ አያልፍም፣ ሌሊቱን ሙሉም ይስባል። ሐኪሙ ካዘዘልሽ የስኳር መለኪያሽን ለነርሷ አሳዪያት። አንዳንድ መለኪያዎች በዚህ ፈሳሽ ይሳሳቱና ስኳሩን ከእውነተኛው በላይ ያሳያሉ። ያን አይቶ ኢንሱሊን መጨመር አደገኛ ነው።

የሚወጣው ውሃ ከደፈረሰ ወይም ሆድሽን ካመመሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ወዲያው ይደወል። ለሐሙሱ ቀጠሮ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። እኔም በስልክ እገባለሁ፤ ሽፋንሽ ስኳር በምን ፍጥነት እንደሚያሳልፍ የሚለካውን ምርመራ መቼ እንደሚያደርጉልሽ እጠይቃቸዋለሁ።

የምወድሽ ልጅሽ፣
ከዴንቨር