የተጻፈበት ወረቀት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ዕትማችሁ፣ አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴን ሁሉ የቅርስ ሌባ ለማለት ጥቂት የቀረው ጽሑፍ አነበብሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ አሮጌ መጽሐፍ ስገዛና ስሸጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛልና ዝም ብል ያመንሁ ይመስልብኛል። ከፊሉን አምናለሁም።

የማምነውን ላስቀድም። ብራና ገዝተው ሥዕል ያለበትን ቅጠል ለብቻ፣ ገበታውን ለብቻ፣ ማኅደሩን ለብቻ የሚሸጡ አሉ። አንድ ዳዊት ሳይበተን አንድ ገዢ ነው ያለው፤ ሲበተን ሃያ ያገኛል። ትናንት የተጻፈውን በጢስ አጥቁረው «የጎንደር ዘመን ነው» የሚሉም አይታጡም። ከዲማም ይምጣ ከመርጡለ ማርያም፣ ከጣና ደሴትም ይምጣ ከገጠር ደብር፣ እንዲህ ያለው መጽሐፍ የማንም ሸቀጥ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከልክሏል። እኔ ብራና አልገዛም። ይዞ የመጣውን ሰው «የየትኛው ደብር ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ መልሱን ሳይጨርስ በሩ ላይ የሚደርስ አጋጥሞኛል።

ጸሐፊያችሁ ግን ብራናውንና የታተመውን ወረቀት በአንድ ከረጢት ከተቱት። የታተመው ወረቀት የሚጠፋው በሌባ እጅ ቢሆን ኖሮ በወደድሁ፤ ሌባ ቢያንስ ዋጋውን ያውቃል። እኛ ዘንድ የሚጠፋው በኪሎ ነው።

ዓምና በከተማችን አንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤቱን ሲያጸዳ አሥራ አራት ጆንያ ወረቀት መዝኖ ሸጠ። የገዛው ቆራሌው ነው። እኔ ነገሩን የሰማሁት በሦስተኛው ቀን፣ ያውም ቆሎ ስገዛ ነበር። ሴትዮዋ ጠቅልለው የሰጡኝ ወረቀት ላይ የ1967ቱን የገጠር መሬት አዋጅ የሚያብራራ ጽሑፍ አየሁ። ቆሎውን ኪሴ ውስጥ ገልብጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። «እትዬ፣ የዚህ ቀሪው የት አለ?» አልኋቸው። «ምን ያደርግልሃል? ንጹሑን ልስጥህ እንጂ፣ ይኼ የተጻፈበት ነው» አሉኝ። የተጻፈበቱን ሁሉ ገዛኋቸውና በምትኩ ንጹሕ ወረቀት አመጣሁላቸው። ሁለታችንም የተጠቀምን መስሎን ተለያየን።

ጥራዙ በማባዣ የተባዛ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ከመካከሉም ቆሎ የበላው ነው። ለሰብሳቢ ቢቀርብ ዋጋ የለውም። አንደኛው ገጽ ኅዳግ ላይ ግን አንድ አንባቢ በእርሳስ «ርስትስ?» ብሎ ጽፏል፤ ሌላ ምንም የለም። አዋጁ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሰባት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1960፣ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብሎ ሞጣና ቢቸና ላይ መሣሪያ ያነሣ ሕዝብ ነው ያችን ጥያቄ የሚጠይቀው። ለደቡቡ ጭሰኛ «መሬት ለአራሹ» የምሥራች ሲሆን፣ በጎጃም ባለ ርስቱ ገበሬ ጆሮ እንዴት እንደ ገባ በዚያች በአንዲት ቃል ይታያል። ቆሎ ሲጠቀለልባት ነው የደረስሁባት።

መጽሐፍማ ጠያቂ አለው። ሐዲስ ዓለማየሁ እንዶዳም የተወለዱ የአገራችን ሰው ስለሆኑ፣ እዚህ አካባቢ አሮጌ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለው ሁሉ የመጀመሪያው ዕትም በእጁ ያለ ይመስለዋል። የመጀመሪያው የ1958 ነው፤ የርእሱን ገጽ ገልጬ የታተመበትን ዓመት ሳሳያቸው ፊታቸው ይጠቁራል፤ ዓመቱን የቀየርሁት እኔ ነኝ ይመስል። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ሮም ላይ ያሳተመውን «ልብ ወለድ ታሪክ» ደግሞ በዚህ ሁሉ ዓመት ከፎቶ ኮፒ በቀር አልዳሰስሁትም። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የትም ቢገባ ስሙ ይጠብቀዋል። ስም የሌለውን ትንሹን ጥራዝና በራሪ ወረቀቱን ማን ይጠብቀው? ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 በሱዳን ወሰን ኦሜድላ ገብተው በቡሬ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጡ፣ ለአርበኛውና ለባንዳው ተብሎ በአማርኛ የታተመ ወረቀት ነበር፤ «ባንዲራችን» የተባለው ጋዜጣ አንዱ ነው። ስንት ቤት ጣሪያ ሥር ተሰክቶ እንደ ቀረ፣ ስንቱስ ትምባሆ እንደ ተጠቀለለበት አስቡት። የዚያን ዘመን ወረቀት ፍለጋ ደንበጫና ቡሬ ድረስ ወርጄ ያገኘሁት አንድ ቅዳጅ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት የዘይት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ቀይ ሽብር ሲጀመር ጓሮ የተቀበረ ነው። ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለሉ፣ የኢሕአፓ የኅቡዕ ልሳን የነበረው የ«ዴሞክራሲያ» ቅጠሎች አሉ፤ በጽሕፈት መኪና የተመቱ፣ የፊደሉ ቅጥያ ከፊደሉ ራቅ ብሎ የቆመባቸው፣ ጠርዛቸው እንደ ደረቀ እንጀራ የሚፈረፈር። «ስንት ያወጣል?» አላሉኝም። «ልጄ ለዚህ ነው የሞተው፤ ምን እንደሚል አንብብልኝ» አሉኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አነበብሁላቸው። ደጋግመው ያስቆሙኝ በሐሳቡ አልነበረም፤ አንዳንድ ቦታ ላይ በብዕር የታረመ ፊደል ስላለ «ይኼ የእሱ እጅ ይሆን?» እያሉ ነው። ቆርቆሮውን መልሰው ይዘው ሄዱ፤ እኔም አልለመንኋቸውም። ነጋዴ ብሆንም።

የራሴን በደልም ልናገር። ሥራውን በጀመርሁ ሰሞን፣ ከአንድ ሟች መምህር ቤት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መማሪያዎችን፣ የስብሰባ ጥሪዎችንና የግብር ደረሰኞችን በአንድ ሣጥን ገዛሁ። ለአምስት ገዢ በትኜ ሸጥሁት። ከማን ቤት እንደ ወጣ እንኳን በማስታወሻ አልያዝሁም። ብራና በታኙን ስረግም ያ ሣጥን ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ የገዛሁትን ሁሉ ከየት ቀበሌ፣ ከምን ዓይነት ቤት እንደ መጣ በደብተር እጽፋለሁ፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ ስሙን እተዋለሁ። የሙያ ጓደኞቼም ይህችን ያህል ቢያደርጉ ስማችን ባልጠፋ። (በነካ እጄ፦ የተቀደደ ገጽ በፕላስተር የምትለጥፉ ወገኖች፣ እባካችሁ ተዉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማጣበቂያው ቢጫ ሆኖ ከነፊደሉ ይዞት ይነሣል።)

ከመሥሪያ ቤቶችና ከትምህርት ቤቶች የምለምነው አንድ ቀን ብቻ ነው። ጆንያው ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት አንድ የታሪክ መምህርና አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ገብተው ይዩት። እኔን አትጥሩኝ፤ ነጋዴ መራጭ ሲሆን ደስ አይልም። የተረፈውን ቆራሌው ይውሰደው።

ለቤተ መጻሕፍትስ ለምን አትሰጥም የሚለኝ አይጠፋም። ሰጥቼ ነበር። ሠላሳ አንድ ትንንሽ ጥራዞች በነጻ ይዤ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ፣ ትሑት ሰው ነው፣ አንድ በአንድ ገጻቸውን ቆጠረና «መጽሐፍ የሚባለው ከሽፋኑ ሌላ 49 ገጽ ሲሞላ ነው፤ እነዚህን በምን ብዬ ላስገባቸው?» አለኝ። ልክ ነው፤ የዩኔስኮ መለኪያ እንደዚያ ይላል። ያው መለኪያ ግን ከ5 እስከ 48 ገጽ ላለውም የራሱን ስም ሰጥቶታል እንጂ ጣሉት አላለም። ብሞግተውም ሞዴል 19፣ ማለት የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ሊቆርጥልኝ አልቻለም፤ ያለ ሞዴል 19 ደግሞ እኔ አልተውም፤ ያልተመዘገበ ንብረት የት እንደሚደርስ ከቆሎዋ ሴትዮ ተምሬያለሁ።

ሠላሳ አንዱም መደርደሪያዬ ላይኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ አይሸጡም። ሞዴል 19 ይዞ የሚመጣ ካለ ቅዳሜ እስከ ምሽት ክፍት ነኝ።

አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ፣
ከደብረ ማርቆስ