እማዬ፣ ስጦታዎቹን ማን እንደሠራቸው ልንገርሽ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? የቨርጂኒያ ብርድ አልበረታብሽም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ቤትሽም ደህና ነው። ጎረቤቶችሽ ሰላም በይልን ብለዋል። ቡና በተፈላ ቁጥር ስምሽ ይነሳል።

በስልክ እናወራለን፣ ግን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹ ወሬ ይቀራል። ስለ ገና ስጦታዎቹ ደግሞ የምነግርሽ ብዙ ነው። ስለዚህ ከዕቃው ጋር ይሄን ደብዳቤ አስይዣለሁ። የትኛው ዕቃ ከማን እጅ እንደወጣ በጽሑፍ ይኑርሽ። ለልጆቹ የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ።

እትዬ ቀደም ብዬ እንድልክ የነገረችኝ ልክ ነበረች። እነሱ ጋ በዓሉ የሚውለው ታኅሣሥ 16 ነው። ትምህርት ቤቱም ሥራውም የሚዘጋው ያኔ ነው። የኛ ገና ታኅሣሥ 29 ሲመጣ ልጆቹ ወደ ክፍል ተመልሰዋል። መንገደኛ በኅዳር በመገኘቱ በጣም ደስ አለኝ። ለሱም የተፈቀደለት ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። የራሱ ዕቃ አለው፣ የሌላም ሰው አደራ አለበት። ከኛ ትንሽ ቦታ ነው የሰጠን፤ እግዜር ይስጠው። ምንም ነገር አሽጌ አልሰጠሁትም። አንድ በአንድ እያሳየሁት እሱ ራሱ ነው የከተተው።

ዘንድሮ ከሠሪው እጅ ያልገዛሁትን ላለመላክ ወስኜ ነው የተነሳሁት። ከተማው ውስጥ ጣና የሚል የተጻፈበት ዕቃ ሞልቷል። ማግኔት አለ፣ የቁልፍ መያዣ አለ፣ ቲሸርት አለ። የት እንደተሠራ ሲጠየቅ ሻጩም የማያውቀው ብዙ ነው። ለእህቴ ልጆች ከባሕር ዳር መጣላችሁ የምላቸው ነገር፣ እዚሁ ሐይቁ ዳር ሰው ቁጭ ብሎ የሠራው መሆን አለበት።

ይሄ ከአንቺ የመጣ ነው እማዬ። ማታ ማታ ስትሰፊ፣ ቅዳሜ ገበያ ይዘሽ ስትወጪ አስታውሳለሁ። ገዢው ሰፌዱን ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ለሣር ይሄን ያህል?» ይልሻል። አንቺ ዝም ትያለሽ። እኔን ግን ያኔም ያንገበግበኝ ነበር። የኛ ደብተር፣ የኛ ጫማ የተገዛው በዚያ ሣር ነው።

አሁን ደግሞ ሠሪዎቹ ከባድ ጊዜ ላይ ናቸው። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ያለውን ሁኔታ ታውቂዋለሽ። ፈረንጁም የአዲስ አበባው እንግዳም እንደ ድሮው አይመጣም። ብዙ ጀልባ ታስሮ ይውላል። ሰው ሲቸግረው ደግሞ በተባለው ዋጋ ይሸጣል። ገዢም ይሄን አውቆ ይጨክናል። እኔ አልተከራከርኩም። የጠሩልኝን ከፍያለሁ።

መጀመሪያ ቡናውን ልንገርሽ። ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቄ በጀልባ ዘጌ ሄጄ ነበር። ጫካው እንደምታውቂው ነው፤ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ሲገቡ ሙቀቱ ወዲያው ቀለል ይላል። የዘጌው ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። አንቺ ነሽ መጀመሪያ የነገርሽኝ። የዘጌ ሰው በሬ ጠምዶ የማያርሰውም ሳታርሱ ኑሩ ባሉት በእሳቸው ቃል ነው ይባላል። ለልጆቹ ይሄን ንገሪያቸው። ቡናው የመጣው ማረሻ ካልነካው ጫካ ነው በያቸው።

የገዛሁት ከአንዲት እናት ጓሮ ነው። የዘንድሮው ፍሬ ገና ጸሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ ስለዚህ የዓምናውን ጀንፈል አወጡልኝ። እዚያው በሙቀጫ ወቅጠን፣ ገለባውን አበጥረን ፍሬውን ብቻ ይዤ መጣሁ። የላክሁት ጥሬውን ነው። መቁላቱ ያንቺ ነው። ስትቆዪ መስኮቱን አስከፍቺ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህባችሁ። ጀበናውን መሰበሩን ፈርቼ ተውኩት።

ታንኳዎቹ የልጆቹ ናቸው። እነዚህን ሳገኝ ነው ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ። የሠሯቸው የነገደ ወይጦ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚሁ ከተማችን ሐይቁ ዳር የሚኖሩ። ዘጌም ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝም ትንንሽ ታንኳ ይሸጣል፣ ጥሩ ጥሩም አለው። እኔ ግን ሲሠራ ማየት ፈልጌ ነበር። ታንኳው የሚሠራበት የሐይቁ ዳር ቄጠማ፣ ደንገሉ፣ እርጥቡ ይቆረጣል፣ ጸሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ በእስር በእስር እየተደረገ ጥብቅ አድርጎ ይታሰራል። ሽማግሌው ትንሹንም የሚያስሩት እንደ ትልቁ ነው። አፍንጫው ቀና እንዲል በጉልበታቸው ተጭነው ሲያጥፉት ብታዪ!

የድሮውን ታስታውሻለሽ፤ ከዘጌ እንጨት ጭነው በታንኳ ሲመጡ። አሁንም አልጠፋም፣ ግን ሞተር ጀልባው በዝቷል። ደንገሉም እየራቀ ነው። ዳር ዳሩ እርሻ ሆነ፣ ሕንጻ ሆነ፣ ሌላው ቦታ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም አለ። ሽማግሌው ድሮ ከደጃቸው የሚቆርጡትን አሁን ራቅ ብለው ሄደው ነው የሚያመጡት። ይሄን ሁሉ ደክመው ስለ ሙያቸው ሲያወሩ ፊታቸው ይፈካል። የወይጦን ሰው ሲያገልሉ የኖሩ ብዙ ናቸው። አንቺ ግን ምንጣፍ ሊሸጡ ሲመጡ እቤት አስገብተሽ፣ አስቀምጠሽ ቡና ታጠጫቸው ነበር። ልጆቹ ይሄንንም ከአንቺ አፍ ቢሰሙት ደስ ይለኛል። በጣና ላይ ሰውን ያሻገረው የማን እጅ እንደሆነ ይወቁ።

አደራ፣ ታንኳዎቹ መደርደሪያ ላይ አቧራ እንዲጠጡ አይቀመጡ። ገንዳው ውስጥ ያንሳፍፏቸው። ደንገል ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሲጨርሱ አውጥተው፣ አቁመው ያድርቋቸው። ሽማግሌዎቹም ትልቁን ታንኳ እንደዚያው ነው የሚያደርጉት። ቢበላሽ አይዘኑ። ትልቁም ቢሆን ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም፣ እንደገና ይሠራል። እኔም ሌላ እልካለሁ፣ ሽማግሌውም ሌላ ይሸጣሉ። በፌስታል ያልጠቀለልኳቸው እርጥበት ይዞ እንዳይሻግት ነው፤ በአሮጌ ነጠላሽ ጠቅልያቸዋለሁ።

ቡናና ሣር ነክ ነገር ስላለ መንገደኛው መግቢያው ላይ እንዲያስመዘግብ ነግሬዋለሁ። ያስመዘገበ አይቀጣም። ቢበዛ ይፈትሹታል፣ የማይገባ ካሉም ያስቀሩታል። ይሄን ለእትዬም ንገሪያት፣ እንዳትጨነቅ።

አሁን ወደ ሰፌዱ ልምጣ። እሱ ያንቺ ነው።

ደብረ ማርያም ደሴት ነው ያገኘሁት። ቅርብ ናት፣ ግን ከተሻገሩ በኋላ የከተማው ጫጫታ የለም። ሰፊዋ በዕድሜ ካንቺ ታንሳለች፣ እጇ ግን ያንቺን እጅ ይመስላል። እንዳስተማርሽኝ አድርጌ ነው የመረጥኩት። መጀመሪያ ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ከዚያ መሐሉን፣ አጀማመሩን። ወደ ብርሃን አንስቼ ቀዳዳ ፈለግሁ፤ የለም። በመጨረሻ ጣቴን አርጥቤ ቀዩን አለላ፣ ቀለም የተነከረውን ሣር፣ አሸሁት። አልለቀቀም። ሴትየዋ ዝም ብላ ስታየኝ ቆይታ «ማነው ያስተማረሽ?» አለችኝ። እናቴ ናት፣ ሰፊ ናት አልኳት። ከዚያ በኋላ ወሬያችን ሁሉ ስለ አንቺ ሆነ። የሰፌዱ ሣር፣ አክርማና ስንደዶ፣ እንደ ልብ እንደማይገኝ ነገረችኝ። ብዙዎቹ ወጣቶች በላስቲክ ክርና በገበያ ቀለም መሥራት ጀምረዋል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ያብረቀርቃል። እኔ አልነቅፋቸውም፤ እንጀራ ነው። ግን የሣሩ ሰፌድ ሽታ አለው፤ ገና ሳይገለጥ ታውቂዋለሽ።

ታዲያ አንድ ነገር ለመንኳት። የመጨረሻውን ዙር እንዳትዘጋው አልኳት። ገርሟት ነበር፣ በኋላ ግን ተረዳችኝ። ሰፌዱ ጫፉ ላይ ክፍት ሆኖ ነው የመጣልሽ። ከውስጡ አንድ እፍኝ ስንደዶና አለላ አለ፣ ወስፌም አለ፤ ራሷ ናት የሰጠችኝ፣ ዋጋ አልተቀበለችበትም። ጣቶችሽ ሲመቻቸው አንቺ ዝጊው። እትዬ «እማዬ እዚህ ቀኑ ረዘመባት» ያለችኝ ልቤ ላይ ቀርቷል። ልጅቷ ትምህርት ሲዘጋ አጠገብሽ ትቀመጥ። ስንደዶውን ውኃ ውስጥ ማለስለሱ ላይ ትርዳሽ፣ ወስፌውንም አንዴ ሁለቴ ታስገባ። ቢጣመምም ይጣመም። እሷም አንድ ቀን አያቴ ያስተማረችኝ ነው ማለት ትችላለች።

ጋቢው የአማችሽ ነው። ከአውራምባ ማኅበረሰብ ነው ያመጣሁት፣ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት መንደር ነው፣ ስሙን ሰምተሻል። እኛ ጋ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እነሱ ጋ ሴቶቹ ሸማኔ ናቸው፣ ወንዶቹም ይፈትላሉ። አማችሽ እቃ አጥቦ፣ ልጅ አዝሎ የሚውል ሰው ስለሆነ እዚያ የተሠራ ጋቢ ይገባዋል። አራት ድርብ ነው፣ ውርጩን ይችላል። በማሽን እንዳያጥቡት፤ በእጅ፣ በለብታ ውኃ።

በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ዳቦ ቆሎውን እንደ ሁልጊዜው ቤት አዘጋጅቻለሁ።

የብራናው ሥዕል ለልጁ የክርስትና አባት ነው። አዲስ ሥራ ነው፤ ሠዓሊው ከፍየል ቆዳ ብራናውን ራሱ ነው የሚያዘጋጀው። በደሴቶቹ አብያተ ክርስቲያናት ያለውን አሣሣል ይከተላል፣ ዓይኖቹ ትልልቅ፣ ቀለሙ ደማቅ። ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የተሳለችበትን ያየ ሰው ወዲያው ይለየዋል።

ሥዕሉን ስፈልግ አንድ ሰው ጎተት አድርጎ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ከአሮጌ መጽሐፍ የተቀደደ ቅጠል አሳየኝ። የግእዝ ጽሑፍ አለው፣ ጠርዙ በጭስ ጠቁሯል። «ውጭ አገር ላለ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም» አለኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ እማዬ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ጊዜ ከመሐል አገር የሸሸው ንዋየ ቅድሳት እኮ የተረፈው በነዚህ ደሴቶች ነው። መነኮሳቱ ይሄን ሁሉ ዘመን የጠበቁትን አንድ ሰው በምላጭ እየቀደደ ይሸጠዋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። አዋጁ ባይኖር እንኳ እኔ አልነካውም ነበር። ለእትዬና ለጓደኞቿ ንገሪልኝ፦ አገር ቤት መጥተው አሮጌ ብራና ወይም አሮጌ መስቀል በርካሽ የሚሰጣቸው ካገኙ አይግዙ። አዲሱን ይግዙ። ሠዓሊው ልጆች ያሳድግበታል፣ አሮጌውም ቦታው ይቆያል።

ጀርመን ላለችው አብሮ አደጌ ያልሽኝን አልረሳሁም። ቅቤ ላኪላት ብለሽኝ ነበር፣ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ወተት ነክና ሥጋ ነክ ነገር ከውጭ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ነጠላ በፖስታ ቤት ልኬላታለሁ። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፣ የምትወደው።

የእትዬ የሥራ ባልደረቦች ጋቢና ሰፌድ ፈልገዋል ብላኛለች። ከልቤ ነው የምሠራው። ምን እንደሚፈልጉ፣ ስፋቱን፣ ቀለሙን ለይተው ይንገሩኝ። ብቻ ጊዜ ይስጡኝ፤ አንድ ደህና ሰፌድ በሳምንት አያልቅም። ለፋሲካ የሚፈልጉ ካሉ አሁን ይዘዙ። ከገንዘቡ ለእኔ ምንም አይቀነስም። ለሠሪዎቹ ቀብድ ብንሰጣቸው ደግሞ ሣሩንና ፈትሉን ሳይበደሩ ይገዛሉ።

መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ። በበረዶ ብቻሽን እንዳትወጪ። የሰፌዱ ጫፍ ሲዘጋ ፎቶ ላኪልኝ፤ ደብረ ማርያም ላለችው ሰፊ ወስጄ ላሳያት ቃል ገብቼላታለሁ።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሳችሁ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ናፋቂ ልጅሽ