ጦማር ማለት ደብዳቤ ነው

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔም እናቴም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን መሳሙን አልተወችም። ስምሽን ሳነሳላት ዓይኗ እንባ ሞላ።

ሐሙስ ማታ የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅሽን ብቻ ነው። ምን እንዳልሽ የገባኝ በሁለተኛው ነው። በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰሽ» ከመባባል በቀር የረባ ነገር ሳናወራ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈን። ጥፋቱ የኔ ነው። ለምን እንደጠፋሁብሽ እዚሁ እነግርሻለሁ፤ ከጠየቅሽኝ ነገር ጋር የተያያዘ ነው።

በአረጋውያን መጦሪያው የሌሊት ፈረቃ ስትሠሪ፣ ሁሉም ሲተኛ፣ ደብተርሽን አውጥተሽ እንደምትጽፊ ነገርሽኝ። ስድስት ደብተር ሞልቷል አልሽኝ። ደስ አለኝ፤ ደግሞም አልገረመኝም። የኮሌጁ የጽሑፍ አስተማሪሽ «ጸሐፊ መሆን ከፈለግሽ የራስሽን ብሎግ ክፈቺ» ብሎሻል። የሥራ ባልደረባሽ ደግሞ «ብሎግ ድሮ ቀረ፤ ጊዜሽን አታባክኚ፣ መጽሐፍሽን ጻፊ» ብላሻለች። አንቺ ምን ትያለሽ አልሽኝ።

ክፈቺ ነው የምልሽ። ግን ያለሽን ሁሉ እዚያ አታውጪ። ለምን እንደምል ላስረዳሽ።

እኔ ብሎግ የነበረኝ ባንቺ ነው። በ2000 ዲቪ ደርሶሽ ሄድሽ፤ በዓመቱ መጻፍ ጀመርኩ። ብሎጉ ያለበት ብሎግስፖት የሚባለው ድረ ገጽ ከ1998 ጀምሮ አገር ቤት ተዘግቶ ነበር። እኔ አራት ኪሎ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ በድሮው የግዕዝ ፎንት እጽፍና በኢሜይል እልክልሻለሁ። አንቺ ጋ ሲደርስ ፊደሉ ተበላሽቶ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ እኔ የምጽፍበት ኢንተርኔት ቤት ግን ከአሥር ዓመት በኋላም ገና አልደረሰም ነበር። ስለዚህ በፒዲኤፍ መላክ ጀመርኩ። አንቺ እሱን እያየሽ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እንደ አዲስ ትተይቢዋለሽ። ከሥራ ደክሞሽ ገብተሽ። አንድም ቀን «ሰለቸኝ» ብለሽኝ አታውቂም። እሁድ እሁድ ደግሞ ደውለሽ የአንባቢውን አስተያየት ታነቢልኛለሽ። የራሴን ገጽ አንድ ቀን ሳላየው አምስት ዓመት ጻፍኩ።

ስለ አያቴ ጠላ የጻፍኩትን ታስታውሻለሽ? ጋኑን በወይራ ስታጥን፣ ጭሱ ከጋኑ አፍ ሲወጣ፣ እኔ በስተጀርባዋ ቀሚሷን ይዤ ስቆም። ወድጄው ነበር። ከዚያ አንዲት ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ሴት አስተያየት ጻፈች፤ አንቺ በስልክ አነበብሽልኝ። «እህቴ፣ እንኩሮው የሚገባው ጥንስሱ ከተጠነሰሰ በኋላ ነው። አንቺ እንዳልሽው ከሆነ ጠላ አይወጣውም። አያትሽን ግን አየኋት። የእኔም እንደዚያው ነበረች።» ድምፅሽ መሃል ላይ ተቆረጠ። እኔም መናገር አቃተኝ። ስልኩ እየቆጠረ ሁለታችንም ዝም አልን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለማላውቀው ነገር እንደማውቅ ሆኜ ጽፌ አላውቅም። ስለ ጉልት ስጽፍ ጉልት ሄጄ እቀመጣለሁ። ስለ ወፍጮ ቤት ስጽፍ እህል ይዤ እሰለፋለሁ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ስንማር ይህን አላገኘሁትም። ከኔ በላይ የምታውቅ ሴት አንድ ቦታ ሆና እያነበበችኝ እንደሆነ ሳውቅ ነው ያገኘሁት።

ብሎግን በአማርኛ ጦማር ያሉት ሰዎች ቃል መርጠዋል። በግዕዝ ጦማር ማለት ደብዳቤ ነው። ስትጽፊ ለሕዝብ እጽፋለሁ ብለሽ አትነሽ፤ ያኔ ንግግር ይሆንብሻል። ለኔ እንደምትጽፊ አድርገሽ ጻፊ። ወይም ለዚያች የቤይሩቷ ሴት።

አሁን ስለ ደብተሮችሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከስድስቱ ደብተር ውስጥ ያለቀ ስንት አለ? የኔ ደብተር በሙሉ ጅምር ነበር። መጀመሪያው ያምራል፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይቆማል። ብሎጉ ከዚህ አወጣኝ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ እልክልሻለሁ ብዬሽ ነበር፤ አንቺም ትጠብቂያለሽ። ጽሑፉ ጥሩም ሆነ መጥፎ ቅዳሜ ማለቅ አለበት። መጨረስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የሚለመደውም ደጋግሞ በመጨረስ ነው። የድሮዎቹ ይህን ልምድ በጋዜጣና በመጽሔት አግኝተውታል። በዓሉ ግርማን ብትወስጂ መነን መጽሔትንም አዲስ ዘመንንም ያዘጋጅ ነበር። ማተሚያ ቤት የሚጠብቀው ሰው «ስሜቱ አልመጣልኝም» አይልም። ዛሬ ለጀማሪ ጸሐፊ በየሳምንቱ ቦታ የሚሰጥ ጋዜጣ ከየት ይመጣል? ቦታውን ራስሽ ካላበጀሽው ማንም አያበጅልሽም።

ልብ ወለዱን ግን እዚያ አታውጪው። አስተማሪሽ የነገረሽን የአንዲ ዊርን ታሪክ አውቀዋለሁ። ማርስ ላይ ብቻውን ስለቀረ ሰው የጻፈውን በራሱ ድረ ገጽ ምዕራፍ በምዕራፍ በነጻ አወጣ፤ ሳይንስ የሚያውቁ አንባቢዎች ስህተቱን አረሙለት፤ ኋላ ኪንድል በሚባለው የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መሸጫ በ99 ሳንቲም ሸጠው፤ በፈረንጆቹ 2014 ትልቅ አሳታሚ አሳተመው፤ በዓመቱ ፊልም ሆነ። እውነት ነው። ግን ሰውዬው ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ድረ ገጹ ላይ በነጻ ሲጽፍ ኖሯል። አንባቢዎቹ የመጡት ለዚያ መጽሐፍ ብለው አይደለም፤ ቀድመው እዚያው ነበሩ። የእሱ ታሪክ ደግሞ በስሌት የሚሄድ ነው፤ ስሌት በሰው ብዛት ይታረማል። ያንቺ ስለ እናትሽና ስለ ደሴ ነው። እሱን ሃያ ሰው በሃያ መንገድ ቢጎትተው ያንቺነቱ ይጠፋል። ድፍድፉ ገና ሳይበስል ጋኑን በየቀኑ የሚከፍት ሰው ጠላውን ያበላሸዋል። ከድነሽ ተይው።

ሌላም ምክንያት አለ። በእንግሊዝኛም ትጽፊያለሽ ብለሽኛል። ብዙ የፈረንጅ የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች በግል ብሎግ ላይ የወጣን ጽሑፍ እንደታተመ ነው የሚቆጥሩት፤ አይቀበሉትም። ስለዚህ ለመጽሔት የምታስቢውን አጭር ልብ ወለድ ደብተርሽ ውስጥ ይቆይ። ብሎጉ ላይ ወጉን፣ ትዝታውን፣ ያነበብሽውን መጽሐፍ፣ ከአውቶቡስ መስኮት ያየሽውን አውጪ።

ስለምትንከባከቢያቸው አረጋውያን ግን ተጠንቀቂ። ስለ እነሱ መጻፍ እንደምትፈልጊ ከድምፅሽ ገብቶኛል። ስም ብትደብቂም የክፍል ቁጥር፣ ሕመም፣ የልጆቻቸው ሁኔታ ካለ የሚያውቅ ሰው ያውቃቸዋል። ሂፓ የሚሉትን፣ የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀውን የአሜሪካ ሕግ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እንጀራሽን እንዳያሳጣሽ። ከሕጉም በላይ ደግሞ፣ እነዚያ ሰዎች ገላቸውን አምነው ሰጥተውሻል። የሌሊቱን ኮሪደር ጻፊ። የራስሽን እግር ድካም ጻፊ። ስለ እነሱ የምትጽፊው ጊዜው ይመጣል።

ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም አይበቃም ወይ ላልሽው፣ ሰው ለመጥራት ይበቃል። እዚህ ብዙ ሰው የሚያነበው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ዳታ ይቆጥባል። ጽሑፉ የሚቀመጥበት ቤት ግን የራስሽ ይሁን። ስንት ሰው ረጃጅም ወጉን ፌስቡክ ኖት ላይ ሲጽፍ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ጥቅምት 2013 ላይ አዲስ ኖት መጻፍም የቆየውን ማረምም ተከለከለ፤ አለቀ። ብሎግም ቢሆን የሰው መሬት ላይ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጻፍሽውን ሁሉ ቅጂ ቤትሽ አስቀምጪ፤ አንዱን ለኔ ላኪልኝ።

ስርቆት ይኖራል፤ ተዘጋጂ። አንድ ቀን ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። አንዱ ደስ በሚል ድምፅ ወግ ያነባል። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደሰማሁ የራሴ መሆኑን አወቅሁ። ስለ ወፍጮ ቤቱ የጻፍኩት። «ከኢንተርኔት ያገኘነው» ብሎ ጨረሰ። አጠገቤ የነበሩት እናት «እውነቱን ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በአንድ ጊዜ ንዴትም ደስታም ያዘኝ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ የራስሽ ፈጠራ የሆነ ጽሑፍ ሳይመዘገብም ጥበቃ አለው። ቀን ተጽፎበት ብሎግሽ ላይ መቀመጡ ደግሞ የማን እንደሆነ ለማሳየት ይረዳል። እኔ ግን ያኔ ምንም አላደረግሁም።

አሁን ለምን እንደጠፋሁ።

ሚያዝያ 2006 «ዞን ዘጠኝ» የሚባለው ብሎግ ልጆች ታሰሩ። ስድስት ጦማሪና ሦስት ጋዜጠኛ። «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚሉ ልጆች ነበሩ። ጦማሪ የሚለው ቃል በዜና ከሽብር ጋር አብሮ ይነሳ ጀመር። እኔ ፖለቲካ ጽፌ አላውቅም፤ ስለ ጠላና ስለ ታክሲ ነው የምጽፈው። ግን አንድ ማታ ቤት ስገባ እናቴ ፍላሽ ዲስኬን ጨብጣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም። «ልጄ፣ አንቺን ብቻ ነው ያለኝ» አለችኝ። አቆምኩ። ላንቺ ምክንያቱን በስልክ መናገር ፈራሁ፤ በኢሜይል መጻፍም ፈራሁ። ስትደውዪ ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ። አንቺም መጠየቅ ተውሽ። የአንዳንዶቹ ክስ ቀድሞ ተቋረጠ፤ ጥቅምት 2008 ደግሞ ፍርድ ቤት የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ያኔ መመለስ እችል ነበር። ግን ላንቺ ያልነገርኩት ነገር መሃላችን ቆሞ ነበር፤ እሱን ማለፍ አቃተኝ።

ሰኔ 2010 ላይ ተዘግተው የነበሩ 264 ድረ ገጾች ተከፈቱ ሲባል ሰማሁ። ማታ ስልኬ ላይ የብሎጌን አድራሻ ጻፍኩ። ተከፈተ። ከላይ የስድስት ኪሎውን የጃካራንዳ ዛፍ ፎቶ አድርገሽዋል፤ ሥሩ ሻይ ይዘን የምንቀመጥበትን። ይህን አንድም ቀን አልነገርሽኝም። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። በእያንዳንዱ ሥር የመጀመሪያው አስተያየት «ስም የለሽ» ከሚል ሰው ነው። «ቀጥሎስ ምን ሆነ?» «ይቺ አያት አሁን የት ናት?» አጠያየቁን አወቅሁት። ሌላው ሰው ደፍሮ እንዲጽፍ መንገድ ስትጠርጊልኝ ኖረሻል። በመጨረሻው ጽሑፍ ሥር ደግሞ፣ ካቆምኩ ከሁለት ወር በኋላ የተጻፈ አንድ ጥያቄ አለ። «ደህና ነሽ?»

እዚያው መመለስ ነበረብኝ። አፍሬ ስልኩን ዘጋሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሁን ደህና ነኝ። መጻፍም ልጀምር ነው፤ ያንቺን መልእክት ከሰማሁ ወዲህ ሁለት ሌሊት ጽፌያለሁ። አንቺ ደግሞ ገጹን ከፍተሽ ካለቁት ውስጥ አንዱን አውጪ። ያለቀ ከሌለ አንዱን ጨርሺ። ደሴ ያለውን የእናትሽን ጓሮ አንድ ጊዜ ሸዋ በር ስንሄድ በአፍሽ ነግረሽኝ ነበር፤ ከሱ ጀምሪ። ቀኑን ወስነሽ ንገሪኝ። በአማርኛ የምትጽፊውን መተየብ ካቃተሽ ደብተሩን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ እኔ እተይብልሻለሁ። ሲወጣ የመጀመሪያውን አስተያየት የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በስሜ።

እናቴ በርበሬና ሽሮ አስፈጭታልሻለች። ባለፈው ሳምንት ፀሐይ ላይ አስጥታ ስትለቅም ነው የዋለችው። ወደዚያ የሚመለስ ሰው ካወቅሽ ቶሎ ንገሪኝ፤ ሻንጣው ውስጥ አምስት ኪሎ የሚሆን ቦታ ይያዝልን።

ናፍቄሻለሁ።

የስድስት ኪሎዋ ጓደኛሽ